ከግራዝማች ቀፎ የወጣው ንብ

አንድ ቀን የአጥቢያው ዳኛ የግራዝማች ተገኝ ንብ ኮበለለባቸው። ግር ብሎ ወጣና አጥር ተሻግሮ ጎረቤታቸው ሽባባው ግራር ላይ ከሰቀለው ባዶ ቀፎ ገባ። ሽባባው በደስታ ምሳውን ረሳ። ሚስቱ ከሄደች ወዲህ በገዛ ፈቃዱ ወደ ቤቱ የመጣ ፍጡር ይህ ንብ ብቻ ነው።

ሚስቱ የዝና አምና ጥላው የገባችው ከግራዝማች የወንድም ልጅ ከአበጀ ቤት ነበር። ሽባባው ትመለስልኝ ብሎ ቢከስ ግራዝማች ለዘመዳቸው አደሉና «በገዛ እግሩ የወጣን ዳኛ አይመልስም፤ ያረፈበት ቤት ቤቱ ነው» ብለው ፈረዱ። ያ ፍርድ ከዚያ ወዲህ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ጌታውን ጥሎ የሄደ አሽከር እሱን ጠቅሶ ረታ። ዶሮዋ ጎረቤት ቤት እየገባች የምትጥልባት ባልቴትም በዚያው ፍርድ እንቁላሏን ተቀማች።

ግራዝማች ግን ከማራቸው ጋር ቀልድ አያውቁም። በማግስቱ ሽባባውን ከደጁ ፊት ለፊት ካለው የችሎት ዋርካ ሥር አስጠሩት። ከሳሹም ዳኛውም እሳቸው ናቸው፤ ለወጉ ያህል ሁለት ሽማግሌዎች ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። አገሬውም ሥራውን ጥሎ መጥቷል።

«ንቤን መልስ» አሉ ግራዝማች።

«ጌታዬ፣ እኔ አልወሰድሁትም። በገዛ ክንፉ ነው የመጣው።»

«ባለቤት ያለው ንብ መሆኑን አታውቅም?»

«ሚስቴም ባል ነበራት።»

ከኋላ ሳቅ አፈተለከ። ግራዝማች ወደ ሳቀው በኩል ዞረው ቢያዩ ሁሉም መሬት መሬት ያያል።

«ስማ አንተ፣ ያ የጋብቻ ነገር ነው፤ ይህ የንብረት ነገር ነው። አታደባልቅ።»

«እኔ መቼ አደባለቅሁ፣ ጌታዬ? ለአሽከሩ ሲፈርዱ የጋብቻ ነገር ነው አላሉም። ለእንቁላሉም ሲፈርዱ አላሉም። ፍርድም እንደ ንብ ነው፤ አንዴ ከወጣ የት እንደሚያርፍ ባለቤቱ አያዘውም።»

በቀኝ በኩል የተቀመጡት ሽማግሌ አያ ቢያድግልኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ግራዝማች ነገሩ ከእጃቸው ሊያመልጥ መሆኑን አዩና ሌላ መንገድ ፈለጉ።

«እሺ፣ በፈቃዱ ወጣ እንበል። አንተ ግን ቀፎህን በጠጅ ሳር አጥነህ አታለልኸው። አላጠንህም?»

«አጥኛለሁ።»

«ይኸው፣ አመነ። በመልካም ሽታ ጠርቶ የሰው ንብ መውሰድ ስርቆት ነው። እንግዲህ ምን ይላል?»

አያ ቢያድግልኝም «ማባበልስ ሌላ ነው» አሉና አገጫቸውን ያዙ። ሽባባው ቀፎውን በገዛ እጁ አጥኖታል፤ ያየውም ብዙ ነው። ወደ ግራሩ ቀና ብሎ ንቡ ሲገባና ሲወጣ ጥቂት ተመለከተ።

«ጌታዬ» አለ ዝግ ብሎ፣ «አበጀም በገበያ ቀን ሽቶ ተቀብቶ በደጄ ይመላለስ ነበር። አምና እዚሁ ቆሜ ይህንኑ ብነግርዎ ምን አሉኝ? ‹ሽቶ መቀባት ወንጀል አይደለም፤ አንተም ገላህን ብትታጠብ ኖሮ ባልሄደች› አሉኝ። እኔ የዳኛ ምክር አልንቅም። ለሚስቴ ቢረፍድብኝም ለንቡ ደረሰልኝ። እርስዎም ቀፎዎን ቢያጥኑት ኖሮ ባልሄደ።»

ዋርካው ሥር የቀረ ጨዋነት በሳቅ አለቀ። አያ ቢያድግልኝ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «በሉ ግራዝማች፣ ያንኑ የአምናውን ፍርድ ይድገሙት» አሉ።

ግራዝማች ደገሙት። ከዚያ ወዲህ ግን ፍርድ ሊሰጡ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት መለስ ብለው የገዛ አጥራቸውን ያያሉ።