ይመኙሻል የጠየቀችው ስም

በዱሮ ዘመን፣ የአያቴ አያት ገና ሳይወለድ፣ ዘንግማ በምትባል መንደር ይመኙሻል የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። እንስራዋን ይገዙ ነበር፤ ዓይኗን ግን ይፈሩ ነበር። ቡዳ ናት ይሏት ነበር። በማሰሮዋ እየበሉ እጇን ይጠረጥሩ ነበር፤ ሰው መቼም እንዲህ ነው።

በዚያች መንደር ለገበሬው ለደምለውና ለሚስቱ ለጥሩወርቅ ሴት ልጅ ተወለደች። በወሯም ሞተች። ክርስትና አልተነሣችምና ዳስ አልተጣለም፣ አልቃሽ አልመጣም። ጎረቤት ሁሉ «እግዜር ይተካላችሁ» እያለ አለፈ። ጥሩወርቅ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እህል አልቀመሰችም፤ አላለቀሰችም። ደምለው እሷንም እንዳይቀብር ፈራ። የፈራ ሰው ደግሞ የሚጠረጥረው አያጣም።

በማግስቱ ይመኙሻል መጣች። ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ምንም አልተናገረችም። ደምለው በአጥሩ ቀዳዳ አያት። የበላችውን ልታይ መጣች፣ አለ በልቡ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተነሥታ ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ደግሞ መጣች። እሳት ዳር የሞቀ ገል በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች። የጥሩወርቅ ጡት ወተት ሞልቶት ተወጥሮ ነበር፤ ያንን ማንም አላሰበም። በዚህ ታሙቀው፣ ይቀልላታል ብላ ደጃፉ ላይ አኖረችው። ደምለው በዱላው ጫፍ ገለበጠው፤ የተደበቀ መድኃኒት ፈለገ። ምንም አልነበረም፤ ገል ነው። ቢሆንም አላስገባውም፤ እስኪቀዘቅዝ ቆሞ ጠበቀው። ሚስቱ ውስጥ ታቃስት ነበር።

በሰባተኛው ቀን ደግሞ መጣች። አሁንስ በዛ ብሎ ዱላውን ይዞ ወጣ። ምን ቀረሽና ትመላለሻለሽ አላት። እሷ ግን አልተነሣችም።

«ጌታዬ፣ ልጅቷን ማን ነበር የምትሏት?» አለችው።

ስም የሚፈለገው ለድግምት ነው ብሎ ዱላውን አነሣ። ከዚያ አሰበ። ቄሱ አልጠየቁም። የገዛ እናቱ አልጠየቀችም። ጎረቤት አልጠየቀም። እጁ ዝም ብሎ ወረደ።

«ዓይናዲስ» አለ። «ዓይናዲስ ነበር የምንላት።»

ስሙን ስትሰማ ጥሩወርቅ ከውስጥ ጮኻ አለቀሰች። ደምለውም ድንጋዩ ሥር ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። ይመኙሻል ገብታ የጥሩወርቅን ጡት በገል አሞቀችላት። ያን ቀን ጥሩወርቅ አጥሚት ጠጣች።

ጥርጣሬ ግን ቶሎ አይለቅም። መተት አድርጋ አስለቀሰቻቸው ያሉ ነበሩ። ደምለውንም፣ ይህች ሴት ይህን ከየት አወቀችው የሚል ሐሳብ ከነከነው። አንድ ቀን ቤቷ ሄዶ ጠየቃት።

«እኔም ሦስት ቀብሬያለሁ» አለችው። «የጠየቀኝ ሰው የለም።»

«ማን ማን ነበሩ?» አላት ደምለው። እሷም ነገረችው፤ እሱም ሳይነሣ ሰማት።

ከዚያ ወዲህ በዘንግማ ጨቅላ ሲሞት ለቅሶ ደራሹ አስቀድሞ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ቀጥሎ ስሙን ይጠይቃል። ለማጽናናት የሚቸኩለውንም «ስሙን ሳትጠይቅ ይተካ አትበል» ይሉታል። የሟቹ ስም ከተጠራ በኋላ ደግሞ ሦስት ስም ይጨመራል፤ ሸጋው፣ ጤናዬ፣ ውዴ። የይመኙሻል ልጆች ናቸው።