ፊታውራሪ ወንድይራድ ከሰማይ ሲታዩ

ፊታውራሪ ወንድይራድ ርስታቸው ከሰማይ ፎቶ እንዲነሳ ፈልገው ትንሽ አውሮፕላን ተከራዩ። አንድ ምላሰኛ ፎቶ አንሺ የአውሮፕላኑን በር አስወልቆ፣ ካሜራው ውስጥ ፊልም ከቶ፣ ንፋስ እንዳይነጥቀው በጠፍር አንገቱ ላይ ሲያስረው ፊታውራሪው መጡ።

"ከጭሰኞቼ መሃል ጎልቼ ካልታየሁ እስር ቤት ትገባለህ!" አሉት። ከዚያም ካባቸውን ደርበው፣ ጭሰኞቹ የሚያርሱበት ማሳ መሃል ሄደው ቆሙ።

ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ሰው ሁሉ ከነጥብ አይበልጥም ነበር። ፊታውራሪው በአሽከሮቻቸው ፊት ጮኹ።

"የቱ ነኝ? አሁኑኑ አሳየኝ!"

"ቀላል ነው ጌታዬ" አለ ፎቶ አንሺው፣ ጣቱን ፎቶው ላይ አድርጎ። "ከኋላቸው የታረሰ መሬት የሚታየው እነዚህ ነጥቦች ገበሬዎቹ ናቸው። ከኋላው አንዲት ትልም የሌለው ይኼኛው እርስዎ ነዎት።"