ያልተባለችው አሚን

ምስጋና የተሸሸገውን ሁሉ ለሚያየው ጌታ ይሁን። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሸኽ ሙዘሚል ነው፤ በአንዲት የድሮ የንግድ ከተማ ይኖሩ ስለነበሩ ሽማግሌ። አላህ ይዘንላቸው። የከተማዋን ስም አትጠይቁኝ፤ እንደሷ ያለ ከተማ ሞልቷል።

በዚያች ከተማ አንድ ልማድ ነበር። ቤትም ይሁን መስጊድ መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት ሽማግሌ ዱዓ ያደርጋል፤ የቦታው ጎረቤቶችም መዳፋቸውን ዘርግተው «አሚን» ይላሉ። ያለ ጎረቤት አሚን ዶማ የሚያነሳ አልነበረም።

ሐጂ ረሻድ የሚባል ጨው ነጋዴ ለሟች አባቱ መስጊድ ሊሠራ ነየተ፤ በልቡ ቆረጠ። ኒያው ማለፊያ ነው፤ ማን ይከለክላል? የመረጠው ቦታ ግን የድሆች ሰፈር ነበር፤ ሸማኔውም ተሸካሚውም የሚኖርበት። ሹሙን አስፈቅዶ ጎጆዎቹን በክረምት መግቢያ አስፈረሰ፤ ሰዎቹንም ከከተማው በታች ረግረጉ ላይ አሰፈራቸው። ቢያለቅሱ፣ ለአላህ ቤት ሲባል ትንሽ ብትቸገሩ ምን አለበት ተባሉ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህች ናት! የራስን ምኞት በአላህ ስም መሸፈን።

ረግረግ ላይ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ወባው ገባ፤ ውሃው ሆድ አበላሸ። ሽማግሌዎቹ ክረምቱን ሳይጨርሱ ወደ አኼራ ሄዱ። ዘምዘም የምትባል ባሏ የሞተባት ፈታይ ያለቻት አንዲት ልጅ ናት፤ ሐያት ትባላለች። እርጥብ መሬት ላይ ስታድር ደረቷ ተዘጋ። ጋደም ካለች ትታፈናለችና እናቲቱ ቁጭ ብላ አቅፋት ታድራለች። መድኃኒት ዐዋቂው፣ ደረቅ ቤት ካላገኘች አትተርፍም ብሎ ቁርጡን ነገራት።

ሸኽ ሙዘሚል ለዚያራ፣ የደጋጎችን መቃብር ሊጎበኙ፣ ሩቅ አገር ሄደው ነበርና ይህን አላዩም። ሲመለሱ ሐጂ ረሻድ ዱዓ እንዲያደርጉለት ለመናቸው፤ የአዲሱ መስጊድ ኢማምም እርስዎ ነዎት አላቸው። የሳቸው መስጊድ ጣሪያ እንደ ወንፊት ያፈስ ነበር። ሰዎቹስ ብለው ቢጠይቁት፣ ወደው ነው የለቀቁ፣ መርቀውን ነው የሄዱ አለ።

«እሰየው» አሉ ሸኹ። «እንግዲያ መጥተው አሚን ይበሉ።»

ሐጂ ረሻድ አሽከሮቹንና ወዳጆቹን ሰብስቦ አቀረበ። አሚን ከማንም አፍ ቢወጣ አሚን ነው ብሎ ነዋ! ሸኹ ግን የቦታውን ጎረቤቶች እየጠበቁ መዳፋቸውን ሳይዘረጉ ቁጭ አሉ። ቢቸግረው ወደ ረግረጉ ላከ። መራመድ የቻሉት መጡ፤ ዘምዘምም ልጇን አዝላ መጣች።

ሸኹ መዳፋቸውን ዘረጉ። «ያ ረቢ፣ ሰዎቹ ወደውና መርቀው የሰጡትን ይህን መሬት ከሐጂ ረሻድ ተቀበለው።»

አሽከሮቹ «አሚን» አሉ። ከረግረጉ የመጡት ዝም አሉ። ከሐያት ሳል በቀር የሚሰማ አልነበረም።

ሸኹ ወደ ዘምዘም ዞሩ። «ልጄ፣ ምነው አሚን አላልሽም?»

«አባባ፣ አላህ ፊት መዋሸት ፈራሁ» አለች። «ወድጄ አልወጣሁም።»

ሸኹ መዳፋቸውን አጠፉ፤ ይህን ዱዓ ማሳረግ አልችልም ብለው ተነሡ። ሐጂ ረሻድ በተበዳይ ዱዓና በአላህ መካከል መጋረጃ እንደሌለ ያውቃል። ለአባቱ ምንዳ የላከ መስሎት የድሃ እንባ መላኩ ገባው። እዚያው ጭቃው ላይ ተንበርክኮ፣ አውፍ በሉኝ አለ።

መቼም ሰው ከልቡ ሲመለስ ደስ ይላል። በሽተኞቹን በዚያው ቀን ከረግረጉ አውጥቶ ደረቁ የጨው መጋዘኑ ውስጥ አስገባቸው፤ ዘምዘምንና ልጇን በእልፍኙ አስቀመጠ። ለመስጊዱ የተከመረው እንጨት ለጎጆ ዋለ፤ ሐጂው ራሱ ጭቃ ረገጠ። ሁሉም ወደ ቦታቸው ተመለሱ። መስጊዱን ኋላ በገዛ ጓሮው ላይ ሠራው። የሞቱት ግን አልተመለሱም፤ ይህንንም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልረሳውም።

አንድ ጠዋት ሸኹ ዘምዘምን ሊጠይቁ አዲሱ ጎጆዋ ገብተው ሳለ ሐጂ ረሻድ ደረሰ። ጭንቀቱ አልለቀቀውም ነበርና ከደጅ ጀምሮ በጩኸት፣ «ሸኻችን፣ ይንገሩኝ፤ አላህ ተቀብሎኝ ይሆን?» አለ።

«ቀስ በል፣ ሐጂ» አሉት። «ልጅቱ ጋደም ብላ ተኝታለች።»

ጀመዓ ሆይ፣ እኔ ይህን ስሰማ አንድ የቁርአን አያ የሚቀሩለት መስሎኝ ነበር። እኛ የመቀበልን ምልክት ከሰማይ እንጠብቃለን። እሳቸው ያሳዩት በጀርባዋ ተኝታ ያለ ጭንቅ የምትተነፍስ ሕፃን ነው። አልሐምዱሊላህ! ድሆችን ከቤታቸው አንስቶ ምንዳ የሚጠብቅ ሁሉ፣ እስቲ መጀመሪያ ወደሰፈሩበት ይውረድና የልጆቻቸውን ትንፋሽ ያዳምጥ።