ሽማግሌዎቹና የመገናኛ ታክሲ

ሰው ከቀጠሮው ሲዘገይ ጥፋቱ የማን ነው፤ የራሱ ነው ወይስ የመንገዱ? ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንስቼ ጥዬዋለሁ፤ ሁነኛ መልስ ግን እስካሁን አላገኘሁለትም። የሐይቅ ከተማ ሰዎች በበኩላቸው ጥያቄውን በአንዲት አባባል ተገላግለውታል። የዕድር ስብሰባ ከተጀመረ በኋላ ሁለት ሰዎች በር ላይ ሲገጣጠሙ አንደኛው ይላትና ተሳስቀው ይገባሉ። አባባሏ ከጥንት የመጣች የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለችም። መነሻዋ አዲስ አበባ፣ መገናኛ ነው፤ ያውም ሰው ሁሉ ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት።

ልሳኑ የሚባል የሐይቅ ሰው አለ፤ የእህቱ ልጅ ናሁሠናይ ኮምቦልቻ ሲሠራ ረድኤት ከምትባል የሥራ ባልደረባው ጋር ተዋደደ። የልጅቱ ወላጆች የሚኖሩት አዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ ስለሆነ፣ እንደ ወጉ ሦስት ሽማግሌዎች ተመርጠው እንዲሄዱ ተወሰነ። አንደኛው ሼህ እንድሪስ ናቸው፤ በሐይቅ ዙሪያ የተጣላ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ሳይደርስ አይታረቅም። ሁለተኛው የሼሁ የልጅነት ጓደኛ፣ ጡረታ የወጡት መምህር ጋሽ ውብሸት ናቸው። ሦስተኛው ራሱ ልሳኑ ሆነ፤ ዕድሜው ለሽምግልና ባይደርስም አዲስ አበባን ያውቃል ተብሎ። እውነቱን ለመናገር ልሳኑ የሚያውቀው ቡዳፔስትን ነበር። እዚያ ለዓመታት ተምሮ ሲመለስ አዲስ አበባን ያያት ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው ብቻ ነው። ሁለቱ ልጆች ተስማምተው ሳለ ሦስት ሰው ተጉዞ መለመኑ ለምን እንደሚያስፈልግም አልገባውም። ነገር ግን ናሁሠናይ አባቱን በልጅነቱ ያጣ፣ እሱ እጅ ላይ ያደገ ልጅ ነው፤ እምቢ ሊለው አልቻለም።

የሚያስፈሩት የልጅቱ አባት ነበሩ። ሻለቃ ይርዳው ከጦሩ ከተሰናበቱ ብዙ ጊዜ ቢሆናቸውም ሰዓታቸው አልተሰናበተም። የረድኤትን ታላቅ እህት ሊጠይቁ የመጡትን ሽማግሌዎች ዘግይታችኋል ብለው ከበር መልሰዋቸዋል፤ እህትየው እስከ ዛሬ አላገባችም። "ቀጠሮ ያላከበረ ሚስት አያከብርም" ነው የሚሉት። ለልሳኑም በስልክ የነገሩት አጭር ነበር።

"ሰኞ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት። አሥራ ሁለት ሰዓት ማለት ደግሞ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው።"

ልሳኑ ነገሩን እንደ ዋዛ አላየውም። አዲስ አበባ በገቡ ማግስት፣ እሁድ ጠዋት፣ ብቻውን ከመገናኛ ታክሲ ይዞ እስከ ሻለቃው በር ሄዶ መንገዱን ሞከረው። ታክሲው ባዶውን አስፋልት እየበረረ አደረሰው። ተመልሶም ለሁለቱ አዛውንቶች እንኳን ሊዘገዩ ቀድመው ደርሰው በር ላይ እንደሚቆሙ በኩራት ነገራቸው። እሁድና ሰኞ አዲስ አበባ ላይ አንድ አገር እንዳልሆኑ የነገረው ሰው አልነበረም።

ሰኞ አመሻሽ ላይ መገናኛ ሲደርሱ የታክሲው ሰልፍ ተጠማዞ ተጠማዞ ጫፉ ጠፍቷል። ቆመው ቆመው ተራቸው ደረሰ። ችግሩ የጀመረው ይሄኔ ነው። ሼህ እንድሪስና ጋሽ ውብሸት ዕድሜ ልካቸውን አንተ ሲባባሉ ኖረው፣ ለሽምግልና ከወጡ ጀምሮ ግን አንቱ መባባል ይዘዋል።

"ይቅደሙ ሼሁ" አሉ ጋሽ ውብሸት፣ በሩን በእጃቸው እያመለከቱ።

"ኧረ ወላሂ አይሆንም፤ እርስዎ ይቅደሙ መምህር።"

እነሱ ሲግደረደሩ ከኋላቸው የነበረው ሰው በግራም በቀኝም ሾልኮ ገባና ታክሲው ሞልቶ ሄደ። ሁለተኛው ሲመጣ ልጅ ላዘለች ሴት አሳለፉ፤ ሴትዮዋን ተከትሎ ዘመዷ ይሁን ባዳ ያልታወቀ ሰው ሁሉ ገባ። ተራ አስከባሪው መታገሥ አቃተው።

"አባቶች፣ ምርቃቱን ተሳፍራችሁ ጨርሱት" አላቸው።

ሦስተኛው ታክሲ ሲቆም ልሳኑ ነውር ነው ሳይል ሁለቱንም ከጀርባቸው ገፍቶ አስገባና ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ታክሲው ሞላ። ወያላው ግን መሙላቱን አላመነም፤ ክራባት ያሰሩ፣ በፌስታል ብርቱካን የያዙ አንድ ረዥም አዛውንት ደርበው እንዲገቡ አደረገ። ሼህ እንድሪስ ጠጋ ብለው ከወንበራቸው ጠርዝ አካፈሏቸው። ሰውየው ሰዓታቸውን እያዩ ስለነበር ያስጠጋቸውን ሰው ቀና ብለው አላዩትም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ምንም አለመሆን ነው። መኪናው ትንሽ ይሄዳል፣ ብዙ ይቆማል። ከኋላ አንዱ፣ ሾፌሩ የቤት ኪራይ ሊያስከፍለን ነው ወይ ብሎ አሳቀ። ልሳኑ አልሳቀም። ስልኩ ላይ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ሻለቃው በር ላይ ቆመው ታየው። ቤት ሆኖ ስልክ የሚጠብቀው ናሁሠናይም ታየው። በገዛ የእሁድ ሙከራው ሙሽራይቱን እንዳሳጣው ገባው።

"ትርፍ የሆናችሁ ጎንበስ በሉ፣ ትራፊክ አለ" አለ ወያላው ድንገት።

ትርፍ የሆኑት እኚያ አዛውንት ብቻ ነበሩ። ዙሪያቸውን አዩ፤ ምርጫ የለም። ብርቱካናቸውን አቅፈው በሼህ እንድሪስ ጉልበት ሥር አጎነበሱ። ሼሁ ሳይጠየቁ የጋቢያቸውን ጫፍ ዘርግተው አለበሷቸው። ትራፊክ ፖሊሱ በመስኮቱ አጮልቆ ሲያይ ያየው ሦስት የተከበሩ ሰዎችንና አንድ ሰፊ ጋቢ ነው። ልክ አልፎ እንደሄደ ጋቢው ሥር ስልክ ጮኸ።

"አቤት ጥሩዬ" አለ ጋቢው። "መጡ እንዴ? … እሰይ። ለእነሱ ብርቱካን ልግዛ ብዬ መገናኛ ጉድ ሆኛለሁ። የሐይቅ ሽማግሌዎች ከመጡ ጸሎት ላይ ናቸው በያቸው። አሥራ ሁለት ሰዓት ማለት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው ያልኩት እኔው ነኝ እኮ። በምን ፊቴ አያቸዋለሁ?"

ልሳኑ ድምፁን አወቀው። የደስታ ላብ አጠመቀው። እሳቸውም ዘግይተዋል፤ እንግዲህ ምን ቀረ? ጋቢውን ገልጦ፣ ሻለቃ እኛ ነን፣ እንኳን ተገናኘን ሊል እጁን ሲዘረጋ ሼህ እንድሪስ ጭኑን ቆነጠጡት።

"እሳቸው ናቸው እኮ" አለ ልሳኑ በሹክሹክታ።

"ሰምቻለሁ። ጋቢ ሥር የተገኘ ሰው ልጁን አይድርም። ዝም በል።"

ሻለቃው ቀና ሲሉ ሼሁ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሻለቃው የሼሁን ማጅራት እያዩ አመሰገኑ፤ ሼሁ ፊታቸውን ሳይመልሱ "አብሽር" አሉ። መንገዱ ቀስ በቀስ ተከፈተና ሻለቃው ሰፈራቸው ሲደርሱ "ወራጅ!" ብለው ወረዱ፤ ፌስታላቸውን ይዘው በሩጫም በእርምጃም መሃል ወደ ውስጥ መንገዱ ገቡ። ልሳኑም ሊወርድ ሲነሳ ሼሁ በኮቱ ጎትተው አስቀመጡት።

"ተቀመጥ። መጀመሪያ ባለቤቱ ቤቱ ይግባ።"

ታክሲው ከነሱ ጋር እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄደ። ከዚያ በእግራቸው ተመለሱ፤ ሼሁ ሆን ብለው ቀስ ይላሉ፣ ጋሽ ውብሸት የቤቶቹን አጥር ያደንቃሉ። መዘግየት ነውር ወደሆነበት ቤት በፈቃድ መዘግየት እሱ በተማረበት አገር ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ ነገር ነው። ቢዘጉብንስ ብሎ ጠየቀ። ሼሁ፣ ቢዘጉብን እኛ ዘገየን እንባላለን፤ እሳቸው ግን አያፍሩም አሉት። ይህን መልስ ለናሁሠናይ በምን ቋንቋ እንደሚያስረዳው ልሳኑ አላወቀም።

በሩ ክፍት ነበር። ወይዘሮ ጥሩነሽ ሻለቃ ጸሎት ላይ እንደሆኑና አሁን እንደሚጨርሱ ነግረው ሳሎን አስገቧቸው። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ሳይቀመጡ ቆመው ጠበቁ። ጥቂት ቆይቶ ሻለቃው ከጓዳ ወጡ፤ ጋቢ ለብሰዋል፣ የጋቢው አንገት ላይ ግን ክራባታቸው ብቅ ብሏል፣ ግንባራቸውም ገና አልደረቀም። ፊታቸውን አኮሳትረዋል።

"አሥራ ሁለት ሰዓት ማለት…" ብለው ጀመሩ።

ያኔ ዓይናቸው የሼህ እንድሪስ ጋቢ ላይ አረፈ። ከጋቢው ወደ ሼሁ ፊት፣ ከፊታቸው ወደ ልሳኑ ተመለከቱ። ልሳኑ መዘዙን ያሰላ ጀመር፤ ሻለቃው አሁን ወይ ይቆጣሉ ወይ ያፍራሉ፣ በሁለቱም ናሁሠናይ ሙሽራይቱን ያጣል።

ሼሁ ግን ባርኔጣ እንደሚያነሳ ሰው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ሻለቃ፣ ዘግይተናል" አሉ። "ለአገሩ እንግዳ ነንና ታክሲው ከመውረጃችን አሳልፎ ወሰደን።"

ሻለቃው ሽማግሌዎቹ አውቀው ያለፉት እሳቸው የወረዱበትን ቦታ እንደሆነ ገባቸው። ትከሻቸው ቀስ እያለ ወረደ።

"የመገናኛ መንገድ ሰው ይፈትናል" አሉ። "ተቀመጡ እባካችሁ። ጥሩዬ፣ ብርቱካኑን አምጪላቸው።"

ጋሽ ውብሸት ጉሮሯቸውን ጠርገው የመጡበትን ጉዳይ አቀረቡ። ወጉ የታወቀ ነው፤ አባት እንመክርበት ይላል፣ ሌላ ቀን ይቀጥራል፣ ሽማግሌም ተመላልሶ ይለምናል። ሻለቃው እስከ መጨረሻው ሰሙና እጃቸውን አነሱ።

"ልጅቱ የእናንተ ናት። ለዚህ ደግሞ ሁለተኛ ቀጠሮ ምን ያደርግልናል?"

ከጓዳ እልልታ ተሰማ፤ የታላቅ እህቲቱ ድምፅ ከሁሉም ይጎላ ነበር። ልሳኑ በረንዳ ወጥቶ ለናሁሠናይ ደወለ። ልጁ ሲያለቅስ ሰማና ራሱም ግድግዳውን ተደግፎ እስኪበቃው ተነፈሰ።

በማግስቱ ወደ አገራቸው በሚመልሳቸው አውቶቡስ ውስጥ ግን ልሳኑ እንደገና ሥጋት ገባው። ሻለቃው የፈቀዱት ከልባቸው ነው ወይስ ከኀፍረት? ስልኩን አወጣና፣ "ክቡር ሻለቃ፣ ትናንት በመዘግየታችን ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን" ብሎ ላከላቸው። ደብረ ብርሃንን አለፉ፤ መልስ የለም። ጣርማ በርን ወረዱ፤ መልስ የለም። ኮምቦልቻ ሲደርሱ ናሁሠናይ መናኸሪያው ላይ ቆሞ ጠበቃቸውና አንድ በአንድ ጉልበታቸውን ሳመ፤ ልሳኑ ግን አሁንም ስልኩን ያያል። የዚያ መልእክት መልስ ያን ቀንም ሆነ ሠርጉ ተደግሶ ካለቀ በኋላ አልመጣም።

በመጨረሻ ልሳኑ መልእክቱን ለሁለቱ አዛውንቶች አሳያቸው። ጋሽ ውብሸት መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡትና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ልሳኑ ተቀየመ፤ ሰውየው ቢያንስ እሺ ብለው ቢመልሱ ምን ነበረበት አለ። ሼህ እንድሪስ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ እያስተካከሉ አዩት።

"ምን ብለው ይመልሱልህ ልጄ?" አሉት፤ "አብረው የዘገዩ አይወቃቀሱም።"