ጭስ ቤት የመሰላት ላም

ተረት አለኝና ጆሯችሁን አውሱኝ፤ ላም አለችበትና የበረታችሁን በር ክፈቱልኝ።

በድሮ ጊዜ፣ ከብትና መኪና በሚነጋገሩበት ዘመን፣ ከአንድ ትልቅ ዳገት ግርጌ ዳለቻ የምትባል ላም ነበረች። በረቷ ከመኪናው መንገድ ዳር ነው። ብዙ ዘመን መክና ቆይታ በስተርጅናዋ አንድ ጥጃ ወለደች። ጎረቤቱ ሁሉ «እንቦሳ እሰሩ!» እያለ መጣ፤ እሷም ደስታዋን የምታደርግበት ጠፋት።

ጥጃው ግን ሳል ያዘው። ቀን ይስላል፣ ሌሊት ይስላል። ዳለቻ መድኃኒት አዋቂዋን እመት ኤሊን ጠራቻት።

ኤሊ ደረቱን አዳመጠች። «ልጅሽን የያዘው የመንገዱ ጭስ ነው። ዛሬውኑ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ዳገቱ አናት ላይ አውጪው። እዚያ ንጹሕ አየር አለ። ከዋለ ካደረ አይተርፍልሽም።»

ጥጃው መራመድ አቃተው። ዳለቻም መኪና ልትለምን አስፋልቱ ዳር ቆመች።

መጀመሪያ አንዲት መኪና ድምፅ ሳታሰማ መጣች። «እመት ዳለቻ፣ ግቡና ላድርሳችሁ» አለች።

ዳለቻ ከፊቷ አየቻት፣ ከኋላዋ አየቻት። ጭስ የለም።

«እሳትሽ የታለ?»

«እኔ በኤሌክትሪክ ነው የምሄደው። ጉልበቴ ከወንዝ ውኃ ነው የሚመጣው።»

«ሂጂ ወዲያ! ጭስ የማይወጣበት ቤት ሰው ያለቀበት ቤት ነው። ልጄን ለሬሳ አልሰጥም!»

አትፍረዱባት፣ እናት ናት። ባደገችበት አገር ከጣሪያው ጭስ ከታየ እንግዳ ይገባል፤ ጭሱ ከጠፋ ጎረቤት ይደነግጣል።

ቀጥሎ አያ ጭነት መኪና ጥቁር ጭሱን እየተፋ መጣ። «ቤትስ ይሄ ነው!» አለችና ልጇን ይዛ ወጣች። የመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ጥጃው ሳለ፣ ሳለ፣ ዓይኑ ፈጠጠ።

«አያ ጭነት፣ ስለ ወላዲቱ፣ ጭስህን ቀንስልኝ!»

«ጭሴማ ጉልበቴ ነው! ካልተመቸሽ ውረጂ።»

ወረዱ። ከዚያ አንድ አሮጌ ሚኒባስ መጣ። «ነዳጅ ቢጠፋ ነጭ ጋዝ ቀላቅዬበት ነው፤ ትንሽ ይከረፋልና ቻሉኝ» አለ። ዳለቻ ጭሱን አየችና አሁንም ልቧ አመነው፤ ተሳፈሩ። ሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይ ጥጃው በጉልበቱ ወደቀ። ዳግመኛ ወረዱ። ፀሐይዋም አዘቀዘቀች።

ያቺ ዝምተኛ መኪና ዳገቱን ወጥታ ስትመለስ አየቻቸውና ቆመች። አልተቀየመችም፤ «ሰምተውኝ ቢሆን ኖሮ» እንኳ አላለችም። በሯን ብቻ ከፈተች።

«ልጄን» አለች ዳለቻ። ጥጃውን በግንባሯ እየገፋች አስገባችው።

መንገድ ላይ ጥጃው አልሳለም። ሳሉ ከያዘው ጀምሮ ዳለቻ የልጇን ትንፋሽ ያለ ሳል ስትሰማ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር፤ አለቀሰችም። ከአናቱ ሲደርሱ ጥጃው አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አነሣ። ንጹሑን አየር አንድ ጊዜ ሳበ። የእናቱን አገጭ ላሰ። ከዚያ ራሱን ከእግሯ ሥር አኖረ፤ አልተነሣም።

ዳለቻ ዳገቱ እስኪያስተጋባ ጮኸች። «ልጄን የገደለው ጭሱ ነው፤ ያዘገየሁት ግን እኔ ነኝ!»

ወደ በረቷ አልተመለሰችም። እስክትሞት ድረስ ከዳገቱ ግርጌ ቆማ፣ ልጅ ይዛ መኪና የምትጠብቅ እናት ባየች ቁጥር «ዝም ያለችውን ተሳፈሪ» ትል ነበር።

ጥጃውን ለዳገቱ፣ ተረቱን ለእናንተ ትቻለሁ። የሚያሞቀው እሳቱ ነው፤ ጭሱማ ማስለቀስ ነው ሥራው።