ከሚካኤል ጣራ የወደቀው ቢያድግልኝ

ሰው ክፉ ሲገጥመው ሽማግሌዎች የሚያጽናኑባት አንዲት አጭር አባባል አለች። ብዙ ሰው እንዲሁ ካፍ የወጣች ይመስለዋል። የእናቴ አገር የወይራ አምባ ሰዎች ግን ማን እንደተናገራት፣ ስለማን እንደተናገራት ጠንቅቀው ያውቃሉ። እኔም የሰማሁት ከእነሱ ነው።

በወይራ አምባ ቢያድግልኝ የሚባል ጣራ ከዳኝ ነበር። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ሣር ሲከድን የኖረ ሰው ነው። እሱ የከደነው ቤት ክረምቱን ሙሉ አንድ ጠብታ አያስገባም ይባልለት ነበር። አርባ አራት ዓመት ሲሞላው የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ጣራ አረጀና ካህናቱ አስጠሩት። «ለሚካኤልማ ዋጋ አልቀበልም» ብሎ በጥር ወር ሥራውን ጀመረ። በአሥረኛው ቀን ጉልላቱ ሥር ሲደርስ የረገጠው ማገር ተሰበረና ከዚያ ሁሉ ከፍታ ቁልቁል ወደቀ።

ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ ጭኑ ግን ሁለት ቦታ ተሰበረ። አያ ፈንታ የሚባሉ የአገሩ ወጌሻ መጥተው አጥንቱን ገጥመው በሸንበቆ ስንጥር አሰሩት። አራት ወር ተኛ። ተነስቶ በምርኩዝ ሲቆም ግን እግሩ አጥሯል፤ ጉልበቱም አልታጠፍ ብሏል። መሰላል መውጣት ቀረ ማለት ነው።

ያን ቀን ምርኩዙን ወርውሮ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ ማንጠግቦሽ አንስታ አጠገቡ አኖረችለት።

«የሰው ጣራ ስከድን አንድ ቀን እንኳ አዳልጦኝ አያውቅም» አላት። «ለእግዜር ቤት ስሠራ ጣለኝ። ምን በድዬው ነው?»

«እሱን እኔ አላውቅም» አለችው። «ከዚያ ወድቀህ ዛሬ ከኔ ጋር እየተነጋገርክ ነው። እኔ የማውቀው ይኸን ነው።»

የነፍስ አባቱ አባ ወልደ ሐና ሊጠይቁት ሲመጡ ጸሎት እንዳቃተው ነገራቸው። ይቆጡኛል ብሎ ነበር፤ አልተቆጡም።

«እኔ እጸልይልሃለሁ። አንተ ብቻ ጧት ጧት ደጀ ሰላሙ እየመጣህ ተቀመጥ» አሉት።

እያነከሰ እየሄደ ይቀመጥ ጀመር። አንድ ጧት ከቅዳሴ በኋላ አባ አጠገቡ መጥተው አረፍ አሉ።

«ጣቶቼ ሥራ ለምደዋል አባ። ባዶ ሲሆኑ ከእግሬ ይልቅ እነሱ ያሙኛል» አላቸው።

«አያ ፈንታ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ሙያውን የሚያወርሱት ልጅም የላቸው። ለምን ሄደህ አስተምሩኝ አትላቸውም?»

«በዚህ ዕድሜዬ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሙሴ በግ ከመጠበቅ ተነስቶ ሕዝብ ምራ ሲባል ሰማንያ ዓመቱ ነበር። አንተማ ገና ልጅ ነህ።»

ቢያድግልኝ ከወደቀ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። በዚያው ወደ አያ ፈንታ ቤት አቀና።

አያ ፈንታ ነገሩን ሰምተው ተነሱ። ጓዳ ገብተው አንድ የተሰነጠቀ ዱላ በበግ ለምድ ጠቅልለው አመጡና፣ «ስንጥቁ የት ላይ ነው?» አሉት። ቢያድግልኝ ዓይኑን ጨፍኖ በለምዱ ላይ ጣቶቹን ቀስ አድርጎ አሳለፈና አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«እዚህ ጋ ነው። ከሣር ሥር የታመመ እንጨት በእጄ ስፈልግ ነው የኖርኩት።»

«ታዲያ ያን ቀን ምነው ሳታገኘው?»

ጣቶቹን ከለምዱ ላይ አነሳ። «ጉልላቱን ሳየው ቸኮልኩ፣ አያ።»

«እንግዲያው እዚህ መቸኮል የለም። ነገ ና» አሉት።

አንድ ዓመት ሙሉ ከአሥር ዓመት ልጅ እስከ ሽማግሌ ሲታሽ፣ ሲጎተት፣ ሲታሰር አየ። የመንደሩ ሰው «ሣር ከዳኙ ደግሞ አጥንት ሊከድን ነው!» እያለ ሳቀበት። ማንጠግቦሽ ስትሰማ ትናደዳለች፤ እሱ ግን «እውነታቸውን ነው» ይላታል። እስካሁን ብቻውን የገጠመው አንድም አጥንት የለማ።

በዓመቱ፣ ሰኔ ሲገባ፣ ደምስ የሚባል ገበሬ በሬ ጥሎት ትከሻው ውልቅ ብሎ በሰዎች ተደግፎ መጣ። ዝናቡ ጥሏል፤ ማሳው አልታረሰም፤ ልጆቹ ሕፃናት ናቸው። አያ ፈንታ ክንዱን ያዙ። እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ደግመው ያዙ፤ አሁንም ተንቀጠቀጠ። ቀና ብለው ቢያድግልኝን አዩት።

«አንተ ግጠመው።»

«አያ፣ ባበላሸውስ?»

«ይኸ ሰው ካላረሰ ቤቱ ይራባል። እኔ አልችልም፤ አንተ ትችላለህ።»

ቢያድግልኝ አማተበና ተጠጋ። ክንዱን በግራ እጁ ይዞ፣ በቀኝ ጣቶቹ መገጣጠሚያውን ሳይቸኩል ፈልጎ አገኘና ሳብ አድርጎ አዞረው። ቋ! ደምስ ጮኸ፤ ወዲያው ደግሞ ጩኸቱን አቋርጦ ክንዱን አነሳ፣ አወረደ፣ እንደገና አነሳ። «ገባ! ገባ እኮ!» ብሎ የቢያድግልኝን እጅ ይዞ ሳመ።

ቢያድግልኝ ከቤቱ ጀርባ ሄዶ አለቀሰ። ያን ቀን ጸለየ። ጸሎቱም «ተመስገን» ከምትል አንዲት ቃል አላለፈም።

ከዚያ ወዲህ ሕመምተኛው ወደ እሱ ይመጣ ጀመር። በኅዳር ሚካኤል እሱና ማንጠግቦሽ ዝክር ለማውጣት ጥቂት ዳቦና አንድ እንስራ ጠላ አዘጋጁ። እንግዶቻችን አሥር ቢሆኑ ነው ብለው ነበር። ገና ጧት ደምስ ሙክት እየጎተተ ደረሰ። ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቷ የዳነላት ባልቴት ድፎ ዳቦ ይዛ መጣች፤ ከወንዝ ማዶ ደግሞ እጃቸው የተጠገነ አባትና ልጅ ማር ይዘው መጡ። እኩለ ቀን ላይ ግቢው ሞልቶ ሰው አጥሩ ሥር ተቀመጠ። ማንጠግቦሽ የምታደርገው ጠፍቷት፣ እየሳቀች እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግ ነበር።

አባ ወልደ ሐና ጸበል ጸዲቁን ባርከው ሲጨርሱ አያ ፈንታ ዋንጫቸውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ሰዉን ዙሪያውን ቃኙ። ከዚያም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ጎበዝ፣ ያን ዕለት የዚህን ሰው እግር ሳስር ፈጣሪው ተጣልቶታል ብዬ አዝኜለት ነበር፤ ለካ እግዜር ሳይደግስ አይጣላም!» አሉ።