በቅሎዋ የቆመችበት ደጅ

«አንድ ሰው ነበረ፤ ነጋዴ፣ ባለ በቅሎ» አሉ መሪጌታ ልሳነወርቅ፣ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው እየሳቡ።

የእህታቸው ልጅ አያልነሽ አዲሷን መኪናዋን ደጅ አቁማ መግባቷ ነበር። አያልነሽ ነርስ ናት፤ ሕሙማንን በየቤታቸው እየዞረች ትረዳለች። መኪናዋ የዋለችበትን ሁሉ እየመዘገበች ለሠራት ኩባንያ በኢንተርኔት የምትልክ ዓይነት ናት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ስክሪኗ ላይ «የጉዞ መረጃዎን ለሌሎች ድርጅቶችም እናካፍል?» የሚል ጥያቄ አውጥታ እሺታዋን ትጠብቃለች። «ሌባ አይደለሁ፣ የምደብቀው የለኝ። የት እንደቆምኩ ቢያውቁ ምን ይጎዳኛል፣ አባባ?» ብላ ጠየቀቻቸው። መሪጌታ ደግሞ ለጥያቄ ቀጥታ መልስ መስጠት ከድሮም አይሆንላቸውም። እንዲህ ብለው ቀጠሉ፦

ነጋዴው በቅሎዋን ሲወዳት ለጉድ ነው። ገብሷን የሚያበላት በእጁ ነው። ሚስቱ «እኔንስ አንድ ቀን እንዲህ አጉርሰኸኝ ታውቃለህ?» እያለች ትስቅበት ነበር። በቅሎዋም የዋዛ አይደለችም፤ አንድ ጊዜ እፍኝ ገብስ የቀመሰችበትን ደጅ አትረሳም። በሌላ ቀን በዚያ ሲያልፍ ቀጥ ትልበታለች። እሱም «የኔ እመቤት፣ ከኔ ይልቅ አንቺ መንገድ ታውቂያለሽ» እያለ አንገቷን ይደባብሳታል።

ከገበያው ማዶ ባለች መንደር አንድ አዛውንት ነበሩ። ነጋዴውን አባቱ ሲሞቱበት ያሳደጉት እኚህ ሰው ናቸው። ድሮ ስንቱን ያበሉ የነበሩ፣ አሁን ጎተራቸው የተራቆተ፣ ኩራታቸው ግን ንቅንቅ ያላለ። «ለመነ ከምባል ሞቴን እመርጣለሁ» ይሉ ነበር። ነጋዴው አንጀቱ አልችል አለው። የመንደሩ ሰው ገበያ በወጣ ቁጥር በቅሎዋን እህል ጭኖ ያደርስላቸው ጀመር። «አደራህን፣ ይህ ነገር ካንተና ከኔ እንዳይወጣ» አሉት። ማለላቸው።

ታዲያ የእኚህ ሰው ነገር! ጆንያው ሲራገፍ ከዚያው እህል አንድ እፍኝ ዘግነው ለበቅሎዋ ይሰጣሉ። «እንግዳ ባዶ አፉን ከደጄ አይመለስም» ይላሉ። ነጋዴውም እስክትጨርስ ልጓሟን ይዞ ይጠብቃል። በቅሎዋ ምን እየተማረች እንደሆነ ግን ሁለቱም አላሰቡም።

በጥር ወር በዚያች መንደር ሰርግ ሆነ። ሙሽራው በቅሎ የለውም። ለሙሽራ በቅሎ የከለከለ ደግሞ በዚያ አገር ከሰው አይቆጠርም፤ ነጋዴው በደስታ አዋሰው። ሰርገኛው እያጨበጨበ መንደሩን ሲያቋርጥ፣ በቅሎዋ ከአዛውንቱ ደጅ ስትደርስ ቀጥ! ቢጎትቷት፣ ቢገፏት፣ ቢለማመጧት ወይ ፍንክች! «ኧረ ጉድ ነው! ጌታዋ እዚህ ምን ሲሠራ ነው የለመደችው?» አለ አንድ ወሬኛ። አዛውንቱ የታጨች ልጅ ነበረቻቸው። የወሬን ነገር መቼም ታውቂዋለሽ፤ ሰርጉ ሳይበተን «ነጋዴው ከልጅቱ ጋር ነው» ተባለ። የእጮኛዋ አባት ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ፤ ጋብቻውን አፈርሳለሁ አለ። የአገር ሽማግሌዎች «ቆይ፣ ጾሙ ይፈታ» ብለው ቀጠሮ ሰጡ።

ነጋዴው ጉዱን ሲሰማ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። «እህል ላደርስ ነበር» ቢል ልጅቱ ትድናለች፤ አባቷ ግን ከእንግዲህ ቀና ብለው አይሄዱም፣ እሱም መሐላውን ይበላል። ዝም ቢል የልጅቱ ስም እንደጎደፈ ይቀራል። ወደ በቅሎዋ ዞሮ «አንቺ ሆዳም፣ ምን አደረግሽኝ!» አላት። ተቆጥቶ እንኳ እጁ ገብስ ይዞላት ነበር። እጁን አየና ድንገት መላው መጣለት።

ከዚያች ቀን ጀምሮ መንደሩ ለገበያ በወጣ ቁጥር በቅሎዋን ይዞ እየገባ፣ በየደጁ እያቆመ ገብስ አበላት። የቄሱን ደጅ፣ የሸማኔውን ደጅ፣ የወሬኛውን ደጅ፣ አንድም አልቀረው።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ከመንደሩ መግቢያ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ነጋዴው በቅሎዋን እየሳበ መጣና ለእጮኛዋ አባት እጅ ነሳ። «የመሰከረችብኝ በቅሎዬ ናት። እንግዲያው ይቀመጡባትና ምስክርነቷን እስከ መጨረሻው ይስሟት» አለ።

ሰውየው እያጉረመረመ ተቀመጠባት። በቅሎዋ ከመጀመሪያው ደጅ ቀጥ! እንደምንም አስነሷት፤ ከሁለተኛው ደጅ ቀጥ! ቄሱ ደጅ ስትቆም ሰው አፉን በነጠላው ሸፈነ። ወሬኛው ደጅ ስትቆም ግን ሚስቱ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «ምነው፣ እኔንም ልታሙኝ ነው?» አለች፤ መንደሩ በሳቅ አለቀ። የእጮኛዋ አባትም እየሳቀ ወረደ። «ይቺንማ የሚነዳት ሆዷ ነው! በሆዳም በቅሎ ምስክርነት የልጄን ትዳር ላፈርስ?» አለ። ጋብቻው ጸና። አዛውንቱ ከደጃቸው ቆመው ነጋዴውን አዩት፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ነጋዴው ከዚያ ወዲህ ገበያ የሚደርሰው ገበያው ሊበተን ሲል ሆነ። ምን ያድርግ፣ በየደጁ ስትቆምበት!

መሪጌታ እዚህ ላይ ወደ አያልነሽ ዞሩ።

«ይኸው ነው ልጄ። ነጋዴው የሚያሳፍር ሥራ አልነበረውም፤ እንዳንቺው ንጹሕ ሰው ነበር። በቅሎዋ የገለጠችው ግን የሱን ገመና አይደለም፤ የቆመችበትን ደጅ ነው። አንቺስ በማን በማን ደጅ ነው የምትቆሚው? እስኪ ንገሪኝ።»

አያልነሽ ዘወር ብላ ደጅ የቆመችውን መኪናዋን አየች። «ነጭ ጋውንሽን አውልቀሽ ግቢ፣ ጎረቤት እንዳያይብኝ» እያለች የምትለምናት አንዲት ሕመምተኛ ትዝ አለቻት።

«እሱስ ቀንቶት ነው» አሉ መሪጌታ፤ «በቅሎ በገብስ ትታለላለች። ያንቺዋ ገብስ አትበላ፣ አትረሳ፤ የምታወራውም ለአንድ መንደር ብቻ አይደለም። ‹እሺ› ስትያት ያንቺን ብቻ አይደለም አሳልፈሽ የምትሰጪው፤ አደራ ያሉሽንም ሰዎች ነው። ለራስሽ የምትደብቂው አይኑርሽ፤ የምትደብቂላቸው ግን አሉሽ። በይ ሂጂና ‹እምቢ› በያት፤ ለሠሪዋ የምትልከውንም ማስቆም ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። ከዚያ መጥተሽ አንድ ዙር ታዞሪኛለሽ። መኪናዋስ ታምራለች።»